ከሙኒክ በርሊን፦ ኑረምበርግ ላይ ሦስት ሰዓት ማረፍ እንዴት ተቻለ

ችግሩ ቲኬቱ ላይ ነበር። ሽፓርፕራይስ የሚባለው የጀርመን ባቡር ቅናሽ ቲኬት የሚሠራው በላዩ ላይ በተጻፈው ፈጣን ባቡር ብቻ ነው፤ ኑረምበርግ ወርዶ በሚቀጥለው የተሳፈረ ሰው ቲኬት እንደሌለው ይቆጠራል።

መፍትሔው የሚገኘው ሲገዙ ነው። ዲቢ ናቪጌተር በሚባለው የጀርመን ባቡር መተግበሪያ መነሻና መድረሻውን ከሞሉ በኋላ «ትስቪሸንሃልት» (የመሃል ማረፊያ) የሚለውን ከፍተው ኑረምበርግ ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ባቡር ጣቢያ) ብለው ያስገቡ፤ የቆይታውን ጊዜም 3 ሰዓት ያድርጉት። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህቺን ነው። ቆይታው ካልተሞላ መተግበሪያው ቶሎ የሚነሳውን ባቡር ያያይዝና ከጣቢያው መውጫ ጊዜ አይኖርም። ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱም ባቡሮች በቲኬቱ ላይ በትክክለኛ ሰዓታቸው መኖራቸውን ይመልከቱ። ዋጋው ከፍ ካለ ሁለቱን ጉዞዎች ለየብቻ ፈልጎ ማወዳደር አይከፋም። ፍሌክስፕራይስ የሚባለውን መደበኛ ቲኬት ለያዘ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ አይደለም።

ሻንጣዎን ጣቢያው ውስጥ ባለው ተቆላፊ ሳጥን ያስቀምጡ። አሮጌው ከተማ ከጣቢያው መንገድ ማዶ ነው፤ ሃውፕትማርክት ገበያ በእግር 15 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፣ ከዚያ ወደ ካይዘርቡርግ ግንብ ዳገት ይጠብቅዎታል። ሁለት ሰዓት ጥድፊያ ነው፤ ሦስቱ ይበቃል።