ኦፕራሲዮን ሊገቡ ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ድረስ መጥቶ፣ ቀጠሮው ደርሶ፣ ጠዋት ከኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ድንገተኛ ታማሚ ቀድሞት የሚመለስም አለ፤ እሱ ከታማሚው እጅ ውጭ ነው። የሚያናድደው ቤት ውስጥ በዋዜማው በተሠራ ነገር የሚመለሰው ነው።

«ምንም አልበላሁም፤ ሻይ በዳቦ ብቻ ነው።» የማደንዘዣ ባለሙያዎች ይህን ሰምተው አይጠግቡም! ሻይ በዳቦ ምግብ ነው። «አንጀቱ እንዳይታጠፍ» ተብሎ የተሰጠ አጥሚትም ምግብ ነው፤ በሶም፣ አብሽም፣ ወተትም እንዲሁ። ሰው ነቅቶ ሳለ ትን ሲለው ያስላል። በሰመመን ውስጥ ግን ማሳል የለም፤ ጨጓራ ውስጥ ያለው ምግብና አሲድ ወደ ላይ ተመልሶ በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ይህ ሰው ይገድላል። የተረፈውም ለሐሞት ጠጠር መጥቶ ለሳንባ ሕመም ይተኛል።

ከሰመመኑ በፊት ሳይበሉ ሳይጠጡ የሚቆዩበት ልክ ይህ ነው፦ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ጥብስና ሥጋ ከሆነ 8 ሰዓት፤ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፤ የእናት ጡት 4 ሰዓት፤ ውሃ፣ ወተት የሌለበት ሻይ ወይም ቡና 2 ሰዓት። ስኳር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የአንጀት መዘጋት ያለበት ጨጓራቸው ቶሎ ስለማይወርድ፣ ሐኪሙ ከዚህ የጠበቀ ካዘዘ የእሱን ተከተሉ።

ሰዓቱንም አጣሩ። ወረቀት ላይ «ከ12:00 በኋላ ምንም እንዳይወስድ» ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 መስሏቸው 11 ሰዓት ላይ ቁርስ ቀምሰው የሚመጡ አሉ። በረመዳን ደግሞ ሱሁር ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል በልቶ ጠዋት 3 ሰዓት ሰመመን መውሰድ አይሆንም፤ ያለፈው አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ የሚመጣ ሰው ግፊቱ በቀላሉ ይወርዳል፤ ደም ሥሩም ለመርፌ አልገኝ ይላል። የተፈቀደላችሁን ውሃ ጠጡ።

«እኔ የምደነዝዘው ከወገብ በታች ነው» ብሎ መብላትም አያዋጣም። የወገብ መርፌው ላይይዝ ይችላል፤ ሥራው ከታሰበው በላይ ሊረዝም ይችላል። ያኔ ወደ ሙሉ ሰመመን ይዞራል።

ልጆች ላይ የሚሠራው ይብሳል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አያት አንጀቷ አይችልም፣ በነጠላዋ ሥር ብስኩት ታቀብለዋለች፤ ነርሷ ስትጠይቅ ሁሉም ዝም። ከበላ በላ በሉ! ተናገራችሁ ማለት ተራው በጥቂት ሰዓት ወይም በጥቂት ቀን ይገፋል እንጂ ማንም አይቆጣችሁም። ቢቆጣም ቁጣ ሳንባ ውስጥ አይገባም።

ጫት። በወሎ ለታማሚ በዋዜማው ዱአ ይደረጋል፤ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱም ይቀርባል። ዱአው ይቀጥል፤ ታማሚው ግን አይቃም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ይይዛል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከማደንዘዣ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ግፊቱ አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ከቃማችሁም መቼና ምን ያህል እንደሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት፤ ለሐኪም የሚያፈሩበት ጉዳይ አይደለም።

መድኃኒትን በቃል ለመናገር አትሞክሩ፤ «ነጯ ክብ ኪኒን» የምትባለው መቶ ዓይነት ናት። ሁሉንም ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ኑ። «ባዶ ሆድ ተብያለሁ» ብሎ የግፊት መድኃኒቱን የሚተው ሰው ግፊቱ አሻቅቦ ይመለሳል። እንደ አምሎዲፒንና አቴኖሎል ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይዋጣሉ፤ ኢናላፕሪል ብዙ ጊዜ በዚያ ጠዋት ይቀራል። የስኳር ኪኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም፤ የኢንሱሊኑን መጠን ሐኪሙ ይቀንሰዋል እንጂ እናንተ በገዛ እጃችሁ አታቋርጡት። ዋርፋሪን በተለምዶ 5 ቀን ቀድሞ ይቆማል፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

ኦፕራሲዮን የሚደረገውን ቦታ ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩ። ንጽሕና ይመስላል፤ ግን ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ ጀርም እዚያ ይራባል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ጸጉሩ የግድ መነሳት ካለበት እዚያው በመቁረጫ ማሽን ይነሳል። የእናንተ ሥራ በዋዜማው ማታ ወይም ጠዋት ገላን በሳሙና መታጠብና ንጹህ ልብስ መልበስ ነው።

የጥፍር ቀለም ይጥፋ፤ ጥቁር ሂናም ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ መሣሪያ ብርሃን አሳልፋ ነው የደም ኦክስጅን የምትለካው። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ የጸጉር ሽቦ፣ የሚወልቅ ጥርስ ለአስታማሚ ይሰጥ፤ ኦፕራሲዮኑ ላይ ደም ለማቆም በኤሌክትሪክ ሲተኮስ ገላ ላይ ያለ ብረት ያቃጥላል። ማተብና ሒርዝ ላይ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙ ጊዜ በፕላስተር ተሸፍኖ የሚያልፍበት መንገድ አለ።

ትኩሳት ወይም አክታ ያለው ሳል ካለ ከቤት ሳትነሡ ደውሉ።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ በቀጠሮው ጠዋት አትነሡ። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ዳገት በጉም ይዘጋል፣ መኪናው በዳዴ ይሄዳል፣ ተራው ያልፋል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በስስ ሸሚዝ የመጣ ሰው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ኦፕራሲዮን የገባ ሰው ደግሞ ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ ቁስሉም ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ጋቢና ካልሲ ያዙ።

አስታማሚ ሲመረጥ አሥር ጠያቂ አንድ የሚሮጥ ሰው አይተካም። ማንበብ የሚችል፣ ስልኩ ቻርጅ ያለው፣ ፋርማሲና ላቦራቶሪ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ አንድ ሰው ይበቃል። ደም ሊያስፈልግ ይችላል ከተባላችሁ ለጋሾችን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ከሰጡ 3 ወር ያለፋቸው። ለጋሹ በልቶ ይምጣ! ከታማሚው ጋር አብሮ ጾሞ መጥቶ የሚዞርበት ሰው አይጠፋም።

የጤና መድን ካርድ ያለ ሪፈር ወረቀት ሪፈራል ሆስፒታል ላይ አይሠራም፤ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ ደረጃውን ጠብቃችሁ አጽፉ፣ ካርዱም የዘንድሮው መታደሱን እዩ። የድሮ ራጅና የአልትራሳውንድ ውጤት አብሮ ይምጣ። የቀጠሮው ቀን 5/6 ተብሎ ከተጻፈላችሁ ደግሞ በእኛ ይሁን በፈረንጅ፣ ወሩ የትኛው ቀኑ የትኛው እንደሆነ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሳትርቁ ጠይቁ።