የእናታችሁን ታሪክ ከዘመድ ለመስማት

ያረፈች እናታችሁን የሚያውቋትን አክስቶችና ጎረቤቶች «እስቲ ስለ እሷ ንገሩኝ» ብትሏቸው መልሱ ያው ነው፦ «ደግ ነበረች፣ ነፍሷን ይማር»። ወሬው እዚያው ያልቃል።

ይልቅ አንድ የድሮ ፎቶ አሳዩና ትንንሽ ነገር ጠይቁ። ይሄ ቀሚስ የማን ነው? ሹሩባ የተሠራችው ልጅ ማን ናት? ስልካችሁ አጠገባችሁ ሆኖ ድምፅ ይቅዳ፣ አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ። ስለ ጠባይዋ የተጠየቀ ሰው ማሞገስ ይቀናዋል። ቀሚሱን ሲያይ ግን የለበሰችበት ሠርግ ትዝ ይለዋል። ሁለት ሦስት ሰው ካለ ደግሞ ይተራረማሉ፤ ምርጡ ወሬ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከሙት ዓመት ዝክር በኋላ ያለው ቡና ለዚህ ይመቻል። ለቅሶው ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩት።

የሰማችሁትን ስምና ቦታ ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ሊያልፍ ይችላል። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ እርሳስ አይይዝም፤ ፖስታ ላይ ጻፉና ፎቶውን ክተቱበት።