አርዱፓይለትን በደሴ ተራሮች መካከል ለበረራ ማዘጋጀት

አርዱፓይለት ማንኛውም ሰው ኮዱን በነፃ አውርዶ ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል የድሮን አብራሪ ሶፍትዌር ነው። የበረራ ፈቃድዎን ከያዙ በኋላ ሚሽን ፕላነር በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ድሮኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይጫኑት፤ ከዚያ አስቀድመው ግን ፕሮፔለሮቹን ይንቀሉ፣ ይህን ፈጽሞ አይዝለሉት። ኮምፓሱን ሲያስተካክሉ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፌሮና ከቆመ መኪና ርቀው ድሮኑን በሁሉም ጎኑ ያዟዙሩት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ወደ መነሻ የመመለሻ ከፍታ ነው፤ ይህም ድሮኑ በራሱ ወደ ተነሳበት ቦታ ሲመለስ የሚበርበት ከፍታ ነው። ለኮፕተር (ቀጥ ብሎ ለሚነሳ ባለ ብዙ ፕሮፔለር ድሮን) ቀድሞ ተሞልቶ የሚመጣው 15 ሜትር ሲሆን፣ የሚለካውም ከተነሳበት ቦታ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም፤ በመሆኑም ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተነሳ ድሮን 40 ሜትር ከፍታ ካለው ጉብታ ጀርባ ዝቅ ብሎ ሳለ የሬዲዮ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ በቀጥታ ሲመለስ ከጉብታው ጋር ይላተማል። በመንገዱ ያለውን ረጅሙን ባሕር ዛፍ ጭምር አስበው፣ ከዚያ በላይ 20 ሜትር ያህል ትርፍ ይስጡት።

ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሯ ይሳሳል፤ ሞተሮቹ ይበልጥ ይሽከረከራሉ፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ኮምቦልቻ የሞከሩትን የባትሪ ማስጠንቀቂያ ቮልቴጅ ደሴ ላይ ከፍ ያድርጉት።