ራንኩን (የተጫዋቾቹን ደረጃ) ማን አጠፋው? አንድ ማሽን ላይ አራት ካውንተር ስናስነሳ የሚገጥመን

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉ ጌም ዞኖች ስልክ ሲደወልልኝ ችግሩን ገና ሳልሰማ አውቀዋለሁ። አንድ ደህና ማሽን አለ፣ ሊኑክስ ተጭኖበታል። እላዩ ላይ አራት የካውንተር ስትራይክ 1.6 (የተኩሱ ጌም) ሰርቨር ይሠራል፦ አንዱ ለሁሉም ክፍት፣ አንዱ 5 ለ5፣ አንዱ ዴዝማች፣ አንዱ ቢላዋ ብቻ። ካርታውና ድምፁ አራት ቦታ እንዳይገለበጥ አንድ የጋራ ፎልደር ተዘጋጅቷል፤ አራቱም በሊንክ፣ ማለትም ወደ ዋናው ፎልደር በሚጠቁም አቋራጭ፣ ከዚያ ያነባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሲኤስ 2 (አዲሱ ካውንተር) ላይ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ አንዱ ሰርቨር ብቻውን ከ30 ጊጋ በላይ ይበላል። ያንን በእኛ ኢንተርኔት አራት ጊዜ የሚያወርድ ካለ እግዜር ትዕግስቱን ይስጠው። ክፋቱ ሰው ሊንክ ማድረግ ሲጀምር ማቆሚያ ማጣቱ ነው።

ገመዱን፣ ዲስኩ መሙላቱን፣ አይፒ መጋጨቱን አይታችኋል ብዬ ልለፈው።

ሁለተኛው ሰርቨር አልነሳ ሲል

ፖርት ነው፣ ልጆቹ ሰርቨሩን የሚያገኙበት የበር ቁጥር። 27015ን የመጀመሪያው ይዞታል። ለሌሎቹ 27016፣ 27017 እያላችሁ ማስነሻው ላይ ጻፉ። ሶርስ በሚባለው ሞተር የተሠሩ፣ ከ1.6 አዲስ የሆኑ ጌሞች ላይ ግን ተጠንቀቁ። እነሱ ፖርቱ ከተያዘ ሹልክ ብለው ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳሉ፤ ልጆቹ በድሮው ቁጥር ሲፈልጉ ያመሻሉ።

ካርታው ፎልደሩ ውስጥ እያለ «የለም» ሲል

ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል። ከዊንዶውስ በፍላሽ የመጣ ካርታ ስሙ በትልቅ ፊደል ከጀመረ አያገኘውም። ስሙን በሙሉ በትንሹ ፊደል ጻፉት።

ራንክ ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከአስር ጥሪ ሰባቱ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም። ልጁ ትናንት ማታ ቶፕ 15 ላይ አንደኛ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሲገባ አስራ ሁለተኛ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ጩኸት ነው እንግዲህ።

አንድ ቤት ነገሩ ከጩኸት አለፈ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ጠረጠረው፤ «ከልጆች ብር እየተቀበለ ራንክ ያጠፋል» ብሎ ሊያባርረው ነበር። ልጁም «ብሮ፣ እኔ ያ ፋይል የት እንዳለ እንኳን አላውቅም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

ቁጭ ብዬ ፋይሉን ማየት ጀመርኩ። ሲኤስስታትስ.ዳት ይባላል፣ አምክስሞድ (ሰርቨሩ ላይ ፕለጊን የሚያሠራው ተጨማሪ ፕሮግራም) ዳታ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። በየደቂቃው ሰዓቱንና መጠኑን አየሁ። 5 ለ5ቱ ካርታ ሲቀይር ፋይሉ አደገ። ትንሽ ቆይቶ ቢላዋው ካርታ ሲቀይር አነሰ። እንደገና አደገ፣ እንደገና አነሰ። ሻዬን ሳልጨርስ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር ሲነሳ ፋይሉን አንዴ ያነበዋል። ከዚያ በኋላ ሂሳቡን በራሱ ሜሞሪ ነው የሚይዘው። ካርታ ሲቀየር ሜሞሪው ላይ ያለውን ሁሉ ፋይሉ ላይ ይገለብጣል። «ከእኔ በኋላ የጻፈ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። አራት ሰርቨር ከአንድ ፋይል ጋር ሲታሰር የመጨረሻው ጸሐፊ የሌሎቹን ይደመስሳል። በዚያ ቤት ቢላዋው የካርታ ጊዜው 10 ደቂቃ ነበር፣ ሌሎቹ 30። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚጽፈው እሱ ነው። ማታ ማሽኑ ሲዘጋ ቀን ሙሉ የተገደለው ሁሉ ቀርቶ ሦስት ልጆች በቢላዋ የተሳደዱት ብቻ ተመዝግቦ ያድራል። ጠዋት አራቱም ሲነሱ የሚያነቡት ይሄንኑ ነው።

ሌላ ቤት፣ ወደ ፖሊ መሄጃ፣ በሽታው ያው ሆኖ መልኩ ሌላ ነበር። ሰድቦ የተባረረ፣ ባን የተደረገ (እንዳይገባ የታገደ) ልጅ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይገባል። የባን ዝርዝሩም በሊንክ የጋራ ነበር። አንዱ ሰርቨር ባን ሲመዘግብ የራሱን ዝርዝር ነው የሚጽፈው፤ ሌላኛው ያገደው ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

መፍትሄው፦ ሰርቨሩ የሚያነበው ብቻ የጋራ ይሁን፣ የሚጽፍበት ለየራሱ። ካርታ፣ ሞዴል፣ ድምፅ፣ ስፕራይት፣ ሞተሩ ራሱ የጋራ መሆን ይችላሉ። ሎግ (የሰርቨሩ የውሎ መዝገብ)፣ ባን፣ ሰርቨር.ሲኤፍጂ (የሴቲንግ ፋይሉ)፣ የአምክስሞድ ዳታ፣ ሎግና ኮንፊግ ግን ለእያንዳንዱ እውነተኛ ፎልደር ይኑራቸው።

ሁሉንም ሰርቨር ዝጉ። ሁሉንም ነው ያልኩት። አንዱ ከቀረ ሲዘጋ መልሶ ይጽፍባችኋል። ከዚያ የዳታውን ሊንክ አንሱና በቦታው የጋራውን ዳታ ቅጂ አስቀምጡ። ባዶ ፎልደር አታስቀምጡ! ዳታ ውስጥ ራንክ ብቻ አይደለም ያለው፤ የቋንቋ ፋይሎችም እዚያው ናቸው። ባዶ ካደረጋችሁት ራንኩ ይድናል፣ የፕለጊኖቹ መልእክት ግን ይበላሻል። ያኔ ደግሞ ለሱ ትደውሉልኛላችሁ።

ሊንክ ስታነሱም እጃችሁን ጠብቁ። ሊኑክስ ላይ «አንሊንክ» በሉ፣ ሌላ አትሞክሩ። ዊንዶውስ ላይ የፎልደር ሊንክን «ዴል» ካላችሁት የሚያጠፋው ሊንኩን ሳይሆን ዋናው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ነው። ሊንኩን ብቻ የሚያነሳው «አርኤምዲር» ነው። ይሄን በአንድ ሰው ካርታዎች ላይ ነው የተማርኩት። ካርታዎቹን ያሰባሰበው ሁለት ዓመት ፈጅቶበት ነበር። እስካሁን ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

«እኔ የምፈልገው አራቱም ላይ አንድ ራንክ ነው» የሚል አለ። ይቻላል፣ ግን በፋይል አይሆንም። ዳታቤዝ ላይ የሚጽፍ ፕለጊን ያስፈልጋል።

ሦስቱ ሲታዘዙ አንዱ ሲያምፅ

በሊንክ የጋራ የሆነ የሴቲንግ ፋይል ላይ ፓስወርድ ቀይራችኋል። ሦስቱ ሰርቨር ተቀብለዋል፣ አንዱ በድሮው ነው። ምክንያቱ ኤዲት ያደረጋችሁበት መንገድ ነው። ጽሑፍ የሚቀይረውን ትእዛዝ «ሴድ»ን በቀጥታ ፋይሉ ላይ እንዲጽፍ ስታዙት አዲስ ፋይል ይሠራና በድሮው ቦታ ይተካዋል። የነካችሁት ሊንኩን ከሆነ ሊንኩ ሞተ፣ ቦታው ላይ ተራ ፋይል ተቀመጠ። አንዳንድ ኤዲተሮችም ይሄንኑ ያደርጋሉ። ዝርዝሩን ረዘም አድርጋችሁ አውጡ፤ ሊንክ ከሆነ ከስሙ ቀጥሎ ቀስት አለ። ቀስት የሌለው እሱ ነው ያመፀው።

እኔ የሴቲንግ ፋይልን ሊንክ ማድረግ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ሰርቨር አጭር ሲኤፍጂ እጽፋለሁ፦ ስሙ፣ የካርታ ጊዜው፣ የራሱ የአድሚን ፓስወርድ። የመጨረሻው መስመር በ«ኤግዜክ» የጋራውን ፋይል ይጠራል። የጋራው ላይ የሚነካካ የለም፣ ሊንክም የለም።

ወደ ሌላ ዲስክ ወስዳችሁ ሁሉም ባዶ ሲሆን

ሊንኩ ሙሉ አድራሻ ይዞ ነበር ማለት ነው፤ አድራሻው ተቀየረ፣ ሊንኩ ግን የድሮውን ሰፈር ይጠራል። ደግሞ እባካችሁ ይሄን ነገር በፍላሽ አትጎትቱ። ብዙ ፍላሽ የሚፎረማትበት ፋት 32 ሊንክ የሚባል ነገር አያውቅም። በ«ታር» አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ውሰዱት።

አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ አራቱም አንድ ላይ ሲወድቁ

እየሠሩ ሳለ የጋራውን ፋይል ቀየራችሁባቸው። ዝጉ፣ አፕዴት አድርጉ፣ አስነሱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካልተነሱ ደግሞ መጠናቸው ዜሮ የሆነ ፋይሎች ፈልጉ፤ ሲጻፍ የተቋረጠ ነው። ያለ ዩፒኤስ ሰርቨር የምታስነሱ ሰዎች አሉ፤ ለእናንተ ምን ልበላችሁ።

ሎግ መጻፍ አቃተኝ ሲል

አንዴ ሩት (የሊኑክሱ ዋና አዛዥ) ሆናችሁ አስነስታችሁታል። አሁን ፋይሎቹ የሩት ናቸው። ባለቤትነቱን በ«ቾውን» መልሱለት፣ ሁለተኛም በሩት አታስነሱ።

አራቱም እኩል ላግ ሲያደርጉ

ይሄ የፋይል ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ «ፒንግቡስት 3» የሚል ማስነሻ ከየትም ገልብጣችሁ እንደሆነ አጥፉት፤ ሲፒዩ ይጨርሳል። እሱ ካልሆነ ማሽኑ ግሏል። ሐይቁ ዳር ያሉ ቤቶች ማታ መብራት አብርተው መስኮት ይከፍታሉ፣ የጣና ትንኝ ደግሞ ብርሃን ባለበት ይገባል። ባለፈው የከፈትኩት ማሽን ሲፒዩ ፋኑ ሥር ያለው ብረት ክንፍና አቧራ ተጋግሮበት እንደ ቡትቶ ጨርቅ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።