ድመቷ ፀጉር አንቋት ነው ወይስ አስም ይዟት?

የድመት አስም ለወራት ሳይታወቅ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ሳሉን ያየ ሰው «ስትላስ የዋጠችው ፀጉር ነው» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ልብ ብሎ ላየ ግን ሁለቱ ይለያያሉ።

ፀጉር የምታወጣ ድመት ሆዷ በኃይል እየተኮማተረ ለማስመለስ ትታገላለች፤ በመጨረሻም የተጠቀለለ ፀጉር ወለሉ ላይ ይቀራል። አስም ያለባት ደግሞ መሬት ላይ ለጠፍ ብላ፣ ክርኖቿን ወደ ጎን ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ደጋግማ ትስላለች። ሲያበቃ አንዴ ሁለቴ ትውጥና ምንም እንዳልነካት ተነስታ ትሄዳለች። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አንዳንዷ ስላ ስላ አረፋ ስለምታስመልስ ወለሉን ብቻ ሳይሆን አቀማመጧንም ይዩ።

ቀጥሎ ትንፋሿን ይቁጠሩ። እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስዳት የደረቷን መነሳትና መውረድ እንደ አንድ ይዘው 30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ጤነኛ ድመት ተኝታ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ በተለያዩ ቀናት በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ሐኪም ይያት። ደስ ብሏት ጉሮሮዋ ሲያንጎራጉር ወይም በሕልሟ እግሯ ሲንፈራገጥ አይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ያለ በሽታ ይጨምራል። አየር ስታስወጣ ሆዷ የሚገፋ ወይም ሲር ሲር የምትል ከሆነ አስም የመሆኑ ነገር ያይላል፤ የጠበበው የአየር ቧንቧ ይበልጥ የሚያስቸግረው አየር ሲወጣ ነውና።

አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ድዷ ወይም ምላሷ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ግን መቁጠሩን ይተዉት። ሳይታገሏትና ውኃም ሳይግቷት ወዲያው ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ድመቶች ሐኪም ፊት እምብዛም ስለማይስሉ ሳሉን በስልክ ቀርፀው ይሂዱ፤ ከረጅም ገለጻ ይልቅ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይረዳል። ራጅ የወፈረ የቧንቧ ግድግዳ ሊያሳይ ይችላል፤ ንጹሕ ራጅ ግን አስም የለም ማለት አይደለም። የሳንባና የልብ ትሎችም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው የሰገራና የደም ምርመራ ቢታዘዝ አይግረምዎ።

ሕክምናው በዋናነት የአየር ቧንቧውን ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) የሚቀንስ ስቴሮይድ ነው፦ ፕሬድኒሶሎን በአፍ ወይም ፍሉቲካሶን በጭምብል የሚሳብ። የሚሳበው ሙሉ በሙሉ ለመሥራት እስከ 2 ሳምንት ስለሚወስድ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። ሳሉ ጠፋ ብለው በራስዎ አያቋርጡ። ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አይነካም። ለሰው የተሠራ የሳል ሽሮፕ አይስጧት፤ ፓራሲታሞልማ አንድ ፍሬው እንኳ ድመት ይገድላል።

ቤት ውስጥ የሲጋራና የእጣን ጭስ፣ ሽቶና የሚረጩ ማጽጃዎችን ያርቁ። የመጸዳጃ አሸዋዋን ሲገለብጡ አቧራው ብን የሚል ከሆነ አቧራ በሌለው ይቀይሩት።