የቢሮ ሠራተኛ ቀን በደሴ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገንፎ ወይም በሶ ይቅመሱ፤ ቡና በባዶ ሆድ ቃር ሊያመጣ ይችላል። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ በሽሮ ይበቃል። ሁለተኛው እንጀራ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል።

ከሥራ መልስ 40 ደቂቃ ይራመዱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በጦሳ ተራራ በኩል ሽቅብ ሲወጡ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል። የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው፦ እግርን ገትሮ መውረድ ጉልበት ያሳምማል፣ አጠፍ አድርገው ይውረዱ። ሹራብ ወገብዎ ላይ ይሰሩ፤ ላብዎ ሳይደርቅ ከቆሙ ብርዱ አይምርም።

ከእራት በኋላ ወንበር ላይ ሆነው ያንብቡ፤ አልጋ ላይ ሦስት ገጽም አይዘለቅም። ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዉት፣ መብራት ቢጠፋ የእጅ ባትሪ አጠገብዎ ይኑር።