ሂንዲ ስትማሩ ንባቡን በራሳችን ፊደል ጻፉት

ሂንዲ ወይም ሳንስክሪት በላቲን ፊደል የምትማሩ ካላችሁ፣ ይህች ዘዴ ትጠቅማችኋለች። በላቲኑ አጭሩና ረጅሙ አናባቢ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ። እኛም ሁሉንም ራብዕ አድርገን እናነበዋለን። «ነመክ» (ጨው) «ናማክ» ሆኖ ይቀራል።

ደብተራችሁ ላይ አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ጻፉ። «ከም» ማለት ጥቂት ነው፤ «ካም» ግን ሥራ። የሚለያቸው ይኸው አናባቢ ብቻ ነው።

የሚሠራው የሂንዲው አጭር አናባቢ ከእኛ «ከ» ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ነው። ምላስ መሃል ላይ ያርፋል፣ አፍም ብዙ አይከፈትም። የጥንቱ የሕንድ ሰዋስው ሊቅ ፓኒኒ የሳንስክሪት ሰዋስው ሕጎቹን የዘጋው በዚችው ድምፅ ነው። የመጨረሻው ሕግ አጭሯ ጠበብ ብላ እንደምትነገር ያስታውሳል። እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

የቃል መጨረሻ ላይ ግን ቋንቋዎቹ ይለያያሉ። ሂንዲ የመጨረሻዋን አጭር አናባቢ ይውጣታል፣ ሳንስክሪት ይጠራታል። የሎተስ አበባ በሂንዲ «ከመል»፣ በሳንስክሪት «ከመለ» ነው። ስለዚህ ለሂንዲው ሳድስ፣ ለሳንስክሪቱ ግዕዝ ጻፉ።

«አ» በእኛ አፍ ራብዕ ስለሆነ በሱ ፈንታ «ኧ»ን ተጠቀሙ፦ «ኧብ» (አሁን)።

ዘዴው ለአናባቢ ብቻ ነው። በትንፋሽ የሚወጡትን የሂንዲ ተነባቢዎች በ«ጠ» ወይም በ«ጰ» እንዳትተኩ፣ ፈጽሞ ሌላ ድምፅ ናቸው። ለእነሱ ሂንዲ የሚጻፍበትን ፊደል፣ ደቫናጋሪውን ራሱን ተማሩ።